ጨረባዎቹ የተዘጋባቸው ክፍል

ረቡዕ ማለዳ ከቀራንዮ ስነሳ ቦርሳ አልያዝኩም። ጃንጥላ፣ ስልክና አንድ አዲስ ቁልፍ ብቻ። ቁልፉ የወንድሜን የሙሉቀንን ክፍል ይከፍታል። ክፍሉ ያለው በጅማ መንገድ፣ ከተጂ ከተማ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ እሱ ያስተምርበት በነበረ የገጠር መንደር ነው። ሙሉቀን ከፋሲካ በፊት ጉበቱን ታሞ ወደ እኛ መጣ። ከፋሲካ በኋላ ቀበርነው። አርባው የፊታችን እሑድ ነበር።

የሄድኩት ግን ለዕቃው አይደለም። የሄድኩት ለወፍ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ይህን መናገር ይከብደኝ ነበር፤ አሁን ግን ከመጀመሪያው ልናገር።

ሰኞ ዕለት አጎቴ ጋሼ ደርቤ የወንድሜን ጉዳይ ትምህርት ቤቱ ጋ ሊጨርሱ ወደዚያ ሄደው ነበር። ኮልፌ ውስጥ የቆርቆሮና የምስማር ሱቅ አላቸው፤ አባታችን ከሞተ ጀምሮ ያሳደጉን እሳቸው ናቸው። እዚያ ሲደርሱ የክፍሉ መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ወንበሩ ላይ የወፍ ኩስ ወርዶ አዩ። አንጀታቸው ተቃጠለ። የሙሉቀን ዕቃ ባለቤት እንደሌለው የተጣለ መሰላቸው። የእንጨቱን መስኮት ከውስጥ ዘግተው በምስማር መቱት። በሩ ላይ ከሱቃቸው ይዘውት የሄዱትን ጓጉንቸር አደረጉ። ለመንደሩም ሰው "መኪና ይዤ እስክመጣ ማንም እንዳይነካው" ብለው ተመለሱ። ጣራው ሥር፣ ጨለማው ጥግ ላይ፣ ጎጆ መኖሩን አላዩም።

ማክሰኞ አመሻሽ ላይ የማላውቀው ቁጥር ደወለልኝ። የክፍሉ ባለቤት እትዬ ጫልቱ ነበሩ።

"የመምህሩ ታናሽ ነህ?"

"አዎ።"

"ጨረባዎቹ ልጆቻቸው ውስጥ ቀሩባቸው። ከትናንት ጀምሮ መስኮቱን እየመቱ ነው። አጎትህ ጋ ብደውል ዓርብ እመጣለሁ አለኝ። ዓርብ ምን ያደርጋል?"

ጨረባ የትኛዋ ወፍ እንደሆነች እንኳ በደንብ አላውቅም ነበር። ግን ድምፃቸው አስደነገጠኝ። "ይስበሩትና ይክፈቱት" አልኳቸው።

"በስልክ የሚከፈት የሟች ቤት የለም" አሉ። "ዘመዱ ቆሞ፣ ምስክር ቆሞ ነው የሚከፈተው። አንድ መርፌ ብትጠፋ እኔ ምን ልባል ነው? ራስህ ና።"

ጋሼ ደርቤን ቁልፉን ስጠይቃቸው፣ "እኛ ሰው ሞቶብን፣ አንተ ለወፍ ትሄዳለህ?" አሉ። ከዚያ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። ከቀብሩ ወዲህ ወደዚያ ክፍል ሂድ በተባልኩ ቁጥር ሰበብ አገኝ እንደነበር እናቴ ታውቃለች። ያንን በር የከፈትኩ ቀን ሙሉቀን የምር የሚሞት ይመስለኝ ነበር።

አየር ጤና

ካፊያ ነበር። ታክሲው በተቆፈረው መንገድ ላይ እየተንገጫገጨ፣ እየቆመ፣ እየሄደ አየር ጤና ለመድረስ ሰዓት የፈጀ መሰለኝ። ቁልፉን ኪሴ ውስጥ መተው አልቻልኩም፤ በእጄ ጨብጬዋለሁ። ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ አየኝ።

"ብራዘር፣ ልቀቀው እንጂ። ታክሲውን የምታስነሳበት አስመሰልከው።"

አጠገቤ ያለችው ልጅ ሳቀች። ከፈልኩት፣ ቁልፉን ግን አልለቀቅኩም።

አየር ጤና መናኸሪያ የቱሉ ቦሎ ሚኒባስ ቆሞ ነበር። "ሞልቷል፣ ግባ" አለኝ ልጁ። ገብቼ ሳይ ግማሹ ባዶ ነው። ሰው እስኪሞላ ስንጠብቅ ስለ ጫጩቶቹ ማሰብ ጀመርኩ። ወፍ ሳይበላ ስንት ጊዜ ይቆያል? ማንን እጠይቃለሁ? ዶሮ እንኳ አርብተን አናውቅም። ወርጄ ዳቦ ገዛሁ። ሳልበላው በላስቲኩ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩት።

በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ አዲስ ማረሻ በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና ሚኒባሱ ተነሳ።

በጅማ መንገድ

ሰበታን እስክናልፍ ፋብሪካና የጭነት መኪና ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ሜዳው ይከፈታል። የበቾ ሜዳ ጥቁር አፈር ነው፤ ዝናቡ ጀምሮት ቦታ ቦታ ውሃ ተኝቶበታል፤ የሚታረስም ይታያል። ሙሉቀን ሁሌም "ና፣ አየር ትቀይራለህ" ይለኝ ነበር። እሱ በነበረበት ጊዜ አንድ ቀን ብቻ ነው የሄድኩት፤ ያኔም መንገዱን ተኝቼ ነው ያለፍኩት።

ሽማግሌው ማረሻቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው፣ "ወዴት ነው ልጄ?" አሉኝ።

"ተጂ።"

"ለሥራ?"

"አይ። ቤት ልከፍት ነው። ወፍ ተዘግቶበት።"

ከኋላችን ያሉ ሴትዮ "ወይ ጉድ" አሉ። ሽማግሌው ግን ፊታቸውን ሳይለውጡ፣ "ታዲያ አንተ ዋሱ ነህ?" አሉኝ። ሚኒባሱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ከሳቅኩ በኋላ ዓይኔ እንባ ሞላ። ሽማግሌው አይተውኛል መሰለኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ምን ዓይነት ወፍ ናት?"

"ጨረባ አሉኝ።"

"እሷን ታውቃታለህ። ያቻትና።" በመስኮቱ አሳዩኝ። የመብራቱ ሽቦ ላይ ትንንሽ ወፎች ተደርድረዋል፤ ጀርባቸው ጥቁር ሆኖ የሚያብረቀርቅ፣ ጅራታቸው እንደ መቀስ የተከፈለ። ስንት ጊዜ አይቻቸው እንዳለፍኩ ያኔ ገባኝ። "እኔ ቤት ስሠራ ከበሩ በላይ ክፍት እተውላታለሁ። ሚስቴ ታቆሽሻለች ብላ ትጨቀጭቀኛለች። ዝንቡን የሚለቅመው ግን ማን ነው?" ቀጥለው፣ "እንቁላል ነው ያለው ወይስ ጫጩት?" አሉኝ።

"ጫጩት ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው የተዘጋው?"

"ከሰኞ ከሰዓት።"

ማረሻቸውን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው አዞሩ። ተጂ ስወርድ፣ "ፍጠን" አሉኝ።

ጭቃው

ከተጂ ወደ መንደሩ ባጃጅ ያዝኩ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ባለባጃጁ ትንሿ ድልድይ ጋ ሲደርስ ሞተሩን አጠፋ።

"እዚህ ድረስ ነው። ከዚህ በኋላ የሚያስኬድህ በሬ ነው።"

ክፍያውን ግን ለሙሉ መንገዱ ጠየቀኝ። መከራከር አልፈለግኩም፤ ሰጥቼው ወረድኩ። ያንን ጭቃ ያላየ ሰው ሊገባው አይችልም። አንድ እግር ስታነሳ ግማሽ መሬት አብሮ ይነሳል። ጫማዬ ሥር ሌላ ጫማ ተሠራ፤ በእንጨት እፍቀዋለሁ፣ ጥቂት ሄጄ እንደገና ይሠራል። ጃንጥላዬን ምርኩዝ አደረግኩ። ከኩሬዎቹ ዳር ጨረባዎች እያረፉ ጭቃውን በአፋቸው ይዘው ይነሳሉ። እኔ የምረግመውን ጭቃ እነሱ እየመረጡ ይወስዱታል።

እናቴ ደወለች። "ደረስክ?"

"ልደርስ ነው።"

"ከሄድክ አይቀር ልብሱን አምጣ። እሑድ ለነዳያን የሚሰጥ ልብስ የለንም። ጋቢውን ደግሞ እንዳትረሳ።"

እሺ አልኳት። አርባው ላይ የሟች ልብስ በስሙ ይሰጣል፤ እናቴ ሳምንቱን ሙሉ የምታስበው ይህን ነው።

በሩ

እትዬ ጫልቱ አጥራቸው በር ላይ ቆመው ሲጠብቁኝ ነበር። አልሳሙኝም፤ ክንዴን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝና "እያቸው" አሉኝ።

ክፍሉ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣራ ያለው፣ ከዋናው ቤት ተነጥሎ የቆመ ነው። ሁለት ጨረባዎች ከተዘጋው መስኮት ፊት ወዲያ ወዲህ ይላሉ። አንዷ አፏ ውስጥ የሆነ ነገር ይዛለች። መጥታ እንጨቱ ላይ ልጥፍ ትላለች፣ ክንፏን ታርገበግባለች፣ ትወድቃለች፣ ተመልሳ ትመጣለች። እንጨቱ ላይ የተጫረ ነገር ይታያል።

ቁልፉን ይዤ ወደ በሩ ሄድኩ። እትዬ ጫልቱ ፊቴ ቆሙ።

"ቆይ። ጎረቤቴን ኦቦ በቀለን አስጠርቻለሁ።"

"እትዬ፣ ልከፍተው ነው የመጣሁት። እኔ ወንድሙ ነኝ።"

"አውቃለሁ። አንተ ዛሬ ትቸኩላለህ፤ ነገ አጎትህ ሬዲዮው የት ሄደ ሲል እኔ ማንን ልጥራ? ያለ ምስክር አይከፈትም።"

"ይሞታሉ እኮ።"

"እኔ አይደለሁም እንዴ የደወልኩልህ?" አሉኝ። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ሌሊቱንም ያልተኙ ይመስላሉ።

ኦቦ በቀለ ከታች ማሳ እያረሱ ነበር። ሲመጡ አየኋቸው። ቀስ ብለው ነው የሚመጡት። ግቢው ጋ ሲደርሱ እግራቸውን በውሃ ታጠቡ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው እጄን ይዘው፣ "እግዜር ያጥናህ። መምህር የኛም ልጅ ነበር" አሉ። እናቴን ጠየቁ። ጋሼ ደርቤን ጠየቁ። ቀብሩ ላይ ያልደረሱት መንገዱ ተቆርጦ እንደሆነ ነገሩኝ። ሁሉንም እየመለስኩ ጆሮዬ መስኮቱ ጋ ነው። ሐዘን የደረሰበት ሰው ሰላምታ ማቋረጥ አይችልም። በመጨረሻ ራሳቸው አዩኝና፣ "በል ክፈት" አሉ።

ቁልፉን ገልብጬ ስለያዝኩት አልገባ አለ። ኦቦ በቀለ አልረዱኝም፤ ዘመዱ ነው የሚከፍተው። ጓጉንቸሩ ቀጭ ብሎ ለቀቀ። በሩን ገፋሁት።

ክፍሉ ጨለማ ነው። የሙሉቀን ሽታ እንዳለ አለ፤ ሳሙናና ጠመኔ። ጃኬቱ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ልቆም ነበር። ግን ለመቆም ጊዜ አልነበረም። በስልኬ መብራት ወደ መስኮቱ ሄጄ በእትዬ ጫልቱ መዶሻ ምስማሩን መንቀል ጀመርኩ። ጋሼ ደርቤ ምስማር ሲመቱ አይቀልዱም። ጎብጦ፣ ተመልሶ፣ በመጨረሻ እንጨቱን ሰንጥቆ ወጣ። መስኮቱን ስከፍት ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ወደቀ፤ ጎጆውም ታየኝ። ከጣራው ማገር ሥር የተለጠፈ፣ በጭቃ እንክብል የተሠራ፣ ግማሽ ጎድጓዳ ሳህን የሚመስል። ከሥሩ ኩሱን እንዲቀበል ካርቶን በሲባጎ ተንጠልጥሏል፤ ሞልቶ ነው ወንበሩ ላይ የፈሰሰው። አልጋው ደግሞ ከነበረበት ተነስቶ ወደ በሩ ተጠግቷል። እኔ ያን ጊዜ ስመጣ አሁን ጎጆው ያለበት ጥግ ነበር።

ድምፅ የለም። ምንም። ወንበሩን ስቤ ልወጣ ስል እትዬ ጫልቱ ልብሴን ያዙ።

"አትንካ። እናትየው ሰው ካየች አትገባም። እንውጣ።"

መጠበቅ

በሩን ዘግተን፣ መስኮቱን ከፍተን ትተን፣ ከዋናው ቤት ጣራ ሥር ተቀመጥን። እትዬ ጫልቱ ጭኮ በሳህን ሰጡኝ። ገብሱና ቅቤው ይሸታል፤ ሳህኑን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት።

ወፎቹ መጡ። እስከ መስኮቱ ደርሰው ተመለሱ። እንደገና መጡ፤ እንደገና ተመለሱ። ይህ ብዙ ጊዜ ሆነ። ዘግይቻለሁ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ልጆቹ እንደሞቱ አውቀው ነው የማይገቡት ብዬ አሰብኩ። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ እንዲህ ተቀምጬ በር በሩን ሳይ የተሰማኝ ሁሉ ተመልሶ መጣብኝ።

"ጃንጥላህ" አሉ ኦቦ በቀለ።

"ምን?"

"ቀይ ጃንጥላህን መስኮቱ ሥር አስደግፈህ ትተሃል። እሱን ነው የሚፈሩት። የከተማ ሰው።"

ሮጬ አነሳሁት። ተመልሼ ገና ሳልቀመጥ አንዷ እንደ ተወረወረ ድንጋይ በመስኮቱ ገባች። ከዚያ ከውስጥ የሆነ ነገር ተሰማ። በጣም ቀጭን ነው። ድምፅ ለማለት ይከብዳል። እትዬ ጫልቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ወፏ ወጣች፣ ሌላኛዋ ገባች። ሁለቱም በወጡበት ጊዜ እትዬ ጫልቱ "ና ቶሎ" ብለው ወደ ክፍሉ አስገቡኝ። ከበሩ ኋላ ረጅም ሸምበቆ ነበር፤ ጫፉ ላይ የመላጫ መስታወት በሽቦ ታስሯል። ቅድም አይቼው ምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

"መምህር እንዲህ ነበር የሚያያቸው" አሉ። "ልጆቹንም በተራ እያስገባ ያሳያቸው ነበር። ሳይነኩ ማየት ይቻላል ይል ነበር።"

ሸምበቆውን ከፍ አደረግኩት። መስታወቱ ውስጥ መጀመሪያ የራሴን ፊት አየሁ፤ ትንሽ አዘነበልኩት። ሦስት ቢጫ አፎች ተከፈቱ። ከሥራቸው አራተኛ ነበር። እሱ አልተከፈተም። ቆይቼ አየሁት። አልተከፈተም።

"አንዱ ሞቷል" አልኳቸው።

"ሦስቱ አሉ" አሉኝ እትዬ ጫልቱ።

አይሱዙው

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ደርቤ ደወሉ። ለዓርብ የቀጠሩት አይሱዙ ከቱሉ ቦሎ እየተመለሰ ስለሆነ ዕቃውን ዛሬውኑ ጭነህ ና አሉኝ። ብዙም ሳይቆይ ባለመኪናው ከዋናው መንገድ ደወለልኝና ሄጄ አገኘሁት። መሬቱ ትንሽ ደርቆለት እስከ ድልድዩ ድረስ ገብቷል። ሰማዩ ግን በምዕራብ በኩል ጠቁሯል።

"ዕቃው የታለ?"

"ቤት ነው።"

"አልጋ፣ ፍራሽ፣ ቁም ሳጥን ነው የተባልኩት። ሦስት ሰው ጥራና እናውጣው። ዝናቡ ከያዘኝ እዚህ ነው የማድረው።"

ሦስት ሰው፣ አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ ከጎጆው ሥር ወዲያ ወዲህ። ሁለት ቀን ያልበሉ ናቸው፤ አሁን ነው የጀመሩት። ወላጆቹ ከፈሩ እስከ ማታ ላይመለሱ ይችላሉ። በሌላ በኩል እሑድ አለ፤ የእናቴ ድምፅ አለ።

"ዛሬ አይወጣም" አልኩት።

"ለምን?"

"ጫጩት አለበት።"

ባለመኪናው የመኪናውን በር ከፈተ። "ለወፍ ብለህ አይሱዙ ባዶ ትመልሳለህ? ጥሩ። ይህንን ለአጎትህ አንተ ነህ የምትነግራቸው። እኔ ሚስት አለኝ፣ ልጆች አሉኝ።" ከዚያ ግን፣ "ግባ፣ አብረን እንሂድ" አለኝ።

ተመልሼ በሩን በጋሼ ደርቤ ጓጉንቸር ዘጋሁት። መስኮቱን ክፍት ተውኩት። ቁልፉን በኦቦ በቀለ ፊት ለእትዬ ጫልቱ ሰጠሁ፤ ወንድሜ በሠራው ሸምበቆ በየቀኑ እንዲያዩልኝም ለመንኳቸው። ከክፍሉ ያወጣሁት በሩ አጠገብ የነበረውን ብቻ ነው፤ ጃኬቱንና ጋቢውን።

ቤት

ስገባ ጋሼ ደርቤ ከእናቴ ጋር ተቀምጠው ነበር። ባለመኪናው እኔን አውርዶ ሳይጨርስ ደውሎላቸዋል። ሊቆጡኝ ተዘጋጅተው ነበር። ስለጎበጠው ምስማር፣ ስለ ሸምበቆው፣ አራተኛው ስላልከፈተው አፍ ነገርኳቸው። ስጨርስ እጃቸውን ያዩ ጀመር።

"እንዳይቆሽሽበት ብዬ ነው የዘጋሁት" አሉ።

"አውቃለሁ ጋሼ።"

"አላየሁትም። ጨለማ ነበር።"

እናቴ ጋቢውን ጭኗ ላይ አድርጋ እየደባበሰች ነበር። ትቆጣለች ብዬ ከአየር ጤና ጀምሮ ስዘጋጅ የመጣሁበት ነገር ሁሉ አላስፈለገኝም።

ከዚህ ጉዞ ምን ተማርክ ብባል በደንብ መናገር አልችልም። በሩን ስከፍት ወንድሜ ድጋሚ ይሞታል ብዬ ነበር። አልሞተም፤ አልተነሳምም። ክፍሉ ውስጥ የነበረው እሱ ሳይኖርም መመገብ ያለበት ነገር ነው። ያንን ለመመገብ ደግሞ መጀመሪያ መግባት፣ ቀጥሎ መውጣት ያስፈልግ ነበር። ሁለቱም እኩል ከበዱኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሞልቶ፣ ከእድሩ አንዲት ሴትዮ ወደ እናቴ ጠጋ ብለው ከጋቢውና ከጃኬቱ ሌላ የልጁ ልብስ የት እንዳለ ጠየቁ። ጋሼ ደርቤ አንገታቸውን ደፉ። እናቴ ግን ቀና ብላ፣ ምንም ሳታፍር መለሰች።

"ቤቱ ገና አልተለቀቀም። ሕፃናት አሉበት። ክንፍ ሲያወጡ ለሰማንያው ይመጣል።"